መሃለኛው ጎማ ምን አጠፋ?

የሞዴል ባቡር ወዳጆች አንድ የጋራ አመል አለን። አዲስ ሎኮሞቲቭ እጃችን ሲገባ ገልብጠን ሆዱን እናያለን። ቀለሙና ቁጥሩ በኋላ ይደረስበታል። ሆዱን ያየ ሰው ደግሞ ከመሃል ያለው ጥንድ ጎማ ከሌሎቹ ከተለየ ወዲያው ይይዘዋል። ሌሎቹ በውስጥ በኩል ቀጭን የብረት ከንፈር አላቸው፤ ፍላንጅ የምንለው እሱን ነው። መሃለኛው ግን ልሙጥ ነው። ይሄኔ ፊት ይጠቁራል። “ይሄ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው” ይባላል። እቃው ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባበት ጊዜም አለ።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ፍላንጅ የሌለው ጎማ ሁልጊዜ ጥሩ ነው እያልኩ ግን አይደለም። አንዳንዴ ዓይን ያወጣ ስንፍና ነው። ችግሩ የምንነቅፈው በተሳሳተ ምክንያት መሆኑ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ጎማው ሐዲዱን ይነካል? ወይስ አየር ላይ ተንጠልጥሏል? ከንፈሩን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ። ታገሱኝ።

ከፍላንጁ ሥራ እንጀምር። ብዙ ሰው ባቡርን ሐዲድ ላይ የሚያቆየው ፍላንጁ ብቻ ይመስለዋል። እውነተኛው ባቡር ላይ አብዛኛውን የመምራት ሥራ የሚሠራው ግን ሐዲዱን የሚረግጠው የጎማው ፊት ነው። ይህ ፊት ጠፍጣፋ አይደለም። ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር በትንሹ ይቀጥናል። የተለመደው ዝንባሌ 1 ለ20 ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከአንድ አክስል ጋር ስለተጣበቁ እኩል ነው የሚዞሩት። እንግዲህ ጥንዱ ወደ ግራ ሸርተት አለ እንበል። የግራው ጎማ በወፍራሙ በኩል ይረግጣል፤ የቀኙ በቀጭኑ። በአንድ ዙር የግራው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ጥንዱ ራሱን ወደ መሃል ይመልሳል። ሰፊ ኩርባ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የውጩ ጎማ በትልቁ ዙሪያው እየረገጠ ረጅሙን ሐዲድ ይሸፍናል። ፍላንጁ የሚፈለገው ይህ አልበቃ ሲል ነው፦ ጠባብ ኩርባ ላይ፣ መገንጠያ ላይ፣ ሐዲዱ የተጣመመበት ቦታ ላይ።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ትልልቅ ጎማዎች፣ ነጂ ጎማዎች ልበላቸው፣ አንድ ሻንሲ ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ፒስተኑ በዘንግ አንዱን አክስል ይገፋል። ሌላ ዘንግ ደግሞ ሁሉንም ጎማዎች ያያይዛል። እንደ ተሳፋሪ ፉርጎ ጎማዎች በየራሳቸው ቦጊ (ከፉርጎው ሥር ለብቻው የሚዞር የጎማ ጋሪ) ላይ ሆነው ወደ ኩርባው መዞር አይችሉም። ረጅም ጣውላ ተሸክሞ በተጠማዘዘ ጠባብ ኮሪደር ያለፈ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሁለቱ ጫፎች የውጩን ግድግዳ ሲነኩ መሃሉ የውስጡን ይፍቃል።

ሁለት ነጥብ የትኛውም ኩርባ ላይ ይቀመጣል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ሦስተኛው ሲመጣ ነው። ሁለት ነጂ አክስል ብቻ ያላት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ላይ ፍላንጅ መንፈግ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ሦስት አክስል ሲሆን መሃለኛው ትንሽ ያጉረመርማል። አምስት ሲሆን ጉዳዩ ከባድ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ብዙ ጊዜ የምሰማውን ነገር ላርም። ከመሃል ፍላንጅ ሲወጣ ሎኮሞቲቩ “ያጥራል” የሚሉ አሉ። አያጥርም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አክስል ያው ከነፍላንጃቸው በቦታቸው ናቸው። የሚመሩትም እነሱ ናቸው። የተለወጠው፣ መሃለኛው ከሁለቱ ጋር መጣላቱን መተዉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ለምሳሌ የምወስዳት ናይን ኤፍ የምትባለዋን የእንግሊዝ የጭነት ሎኮሞቲቭ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1960 ድረስ 251 አሠርቷል። የመጨረሻዋ ቁጥር 92220፣ ኢቭኒንግ ስታር፣ በ1960 ስዊንደን ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። አሥር ነጂ ጎማ አላት፤ በአምስት አክስል ላይ። የእያንዳንዱ ጎማ ዲያሜትር 5 ጫማ፣ 1.52 ሜትር ገደማ ነው። የመሃለኛው ጥንድ ፍላንጅ የለውም። አዎ፣ እውነተኛዋ ላይ። የሁለተኛውና የአራተኛው ጥንድ ፍላንጅም ከተለመደው ተቀንሷል። ይህ ሁሉ የተደረገው 400 ጫማ ራዲየስ ባለው ኩርባ፣ ማለትም በ122 ሜትር ገደማ፣ እንድታልፍ ነው።

ከመጀመሪያው ነጂ አክስል እስከ አምስተኛው ያለው ርቀት 21 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ወደ 6.6 ሜትር ነው። መሃለኛው አክስል ከሐዲዱ መሃል ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። ርቀቱን በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ማካፈል። በ122 ሜትር ኩርባ ላይ መልሱ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። አራት ጣት እንኳን አይሞላም። ግን ፍላንጅ ቢኖር ኖሮ ሐዲዱን የሚታገል ርቀት ነው።

ይህችኑ ሎኮሞቲቭ ወደ ኦኦ መለኪያ፣ ማለትም ወደ 1 ለ76 እናውርዳት። 6.6 ሜትሩ 87 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 122 ሜትሩ ኩርባ ደግሞ 1.6 ሜትር። ልብ በሉ፤ 1.6 ሜትር ራዲየስ ማለት ባቡሩ ሙሉ ዙር ለመዞር ከሦስት ሜትር በላይ የሆነ ጠረጴዛ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ያህል ቦታ ያለው ማን ነው? በየቤቱ ያለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሐዲድ ነው። በዚህ መለኪያ የጠባቡ ኩርባ ራዲየስ 371 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ያለው፣ ሁለተኛ ራዲየስ የሚባለው፣ 438 ነው። ሁለተኛውን በ76 ብናባዛው 33 ሜትር ይሆናል። እውነተኛዋን ናይን ኤፍ በ33 ሜትር ኩርባ አስገብቶ በሰላም ማውጣት የማይታሰብ ነው። ሞዴሏን ግን በየቀኑ እናስገባታለን። ከዚያ ደግሞ ለምን ሳትንገራገጭ አልዞረችም ብለን እንቆጣለን።

ሒሳቡን በ438 እንድገመው። መሃለኛው አክስል 2.1 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። እውነተኛዋ ላይ ያየነው 45 ሚሊ ሜትር በዚህ መለኪያ 0.6 ብቻ ነበር። ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በጎማውና በሐዲዱ መካከል ያለው ጠቅላላ ክፍተት ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 2.1ን ግማሽ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ሁለተኛውና አራተኛው አክስልም ቢሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻሉ፤ ስለዚህ ወደ ጎን የሚንሸራተቱበት ቦታ ካልተሰጣቸው ሌላ ጣጣ ነው። አምራቹ ፍላንጁን ቢያነሳ ምን ይገርማል? አጥፊው ጎማው አይደለም። ኩርባው ነው። ኩርባውን ደግሞ የገዛነው እኛ ነን።

ነገሩ የሞዴል ሰሪዎች ፈጠራም አይደለም። ፍላንጅ አልባ ነጂ ጎማ ከባቡር ጋር እኩል ሊባል በሚችል ዕድሜ የኖረ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1833 ፓተንት ያወጣበት ባለ ስድስት ጎማ ሎኮሞቲቭ ከሦስቱ አክስሎች መሃለኛው ነጂ ነበር፤ ጎማዎቹም ፍላንጅ አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን ፒስተኖቹ የሚገፉት መሃሉ ላይ የተጠማዘዘ አክስል ስለነበር በቀላሉ ይሰበር ነበር። ፍላንጁ ሲነሳ ከሐዲዱ ወደ ጎን የሚመጣው ግፊት ከዚህ አክስል ላይ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ግን የእንግሊዙ የብሪስቶልና ኤክስተር ባቡር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1853 እና 1854 ያስገባቸው ስምንት ሎኮሞቲቮች ናቸው። አንድ ነጂ አክስል ብቻ አላቸው። የጎማው ዲያሜትር 9 ጫማ ነው። 2.74 ሜትር! ቁመተ ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ እንኳን ጫፉን መንካቱ ያጠራጥራል። ያን የሚያህል ጎማ ፍላንጅ የለውም። ከፊትና ከኋላ ያሉት ባለ አራት ጎማ ቦጊዎች ይመሩታል፤ ትልቁ ጎማ ሥራው መግፋት ብቻ ነው። ሥራ መከፋፈል እንዲህ ነው እንጂ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የሶቭየቱ አአ20 አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራ፣ ሰባት ነጂ አክስል፣ አሥራ አራት ነጂ ጎማ ያለው ግዙፍ ማሽን። ከሰባቱ አክስሎች መሃል ያሉት ሦስቱ ፍላንጅ አልነበራቸውም። አላዳነውም። ሐዲዱን ይጎዳ ነበር፤ መገንጠያ ላይ ይወጣ ነበር። ለመደበኛ ሥራ ሳይውል ቆመ። ፍላንጅ ማንሳት የረዘመን ነገር ሁሉ ያስተካክላል ብሎ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ጎማው ልሙጥ ሆነም አልሆነ፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን በጣም ከሸሸ ከሐዲዱ ራስ ላይ ይወርዳል። ክብደት ተሸክሞ ሲወርድ ደግሞ ጉዳቱን አስቡት።

ሌላ መንገድም ነበር። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ጎልስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ባለ አምስት ነጂ አክስል ሎኮሞቲቭ ሲያወጣ አንዳንዶቹ አክስሎች ወደ ጎን እንዲንሸራተቱ አደረገ። ፍላንጅ አላነሳም፤ አክስሉን ለቀቀው። ሐሳቡ በአውሮፓ በሰፊው ተወሰደ። ጀርመኖች ደግሞ በከባድ የጭነት ሎኮሞቲቮቻቸው ላይ የመሃለኛውን ፍላንጅ ማሳሳት ጨመሩበት። ይህን ያመጣሁት ለሞዴልም ስለሚሠራ ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሞዴሉ ጎማ ራሱ። እውነተኛ ፍላንጅ ከጎማው ፊት በ28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። በኤችኦ መለኪያ፣ በ1 ለ87፣ ይህ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ተራ የጠረጴዛ ሐዲድ ላይ ብዙ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር አርፒ-25 የሚባል የጎማ ቅርጽ አለው። በዚህ ቅርጽ የተለመደው የኤችኦ ጎማ ፍላንጅ 0.64 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ከእውነተኛው ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። የጎማው ወርድ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ እውነተኛው መጠን ብናሳድገው 24 ሴንቲ ሜትር። የድሮዎቹ ሞዴሎች ፍላንጅ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። እነዚያ ጎማዎች ቁመቱ አጠር ባለ ሐዲድ ላይ ሲሄዱ ሐዲዱን የሚይዙትን የፕላስቲክ ብሎኖች እያንኳኩ ነው። ታ-ታ-ታ-ታ። የሰማው ያውቀዋል።

ስለዚህ “ፍላንጅ የሌለው ጎማ ከእውነተኛው ያርቃል” የሚለው ክርክር ብዙም ውሃ አይቋጥርም። ፍላንጅ ያለውም ርቋል። እንዲያውም ናይን ኤፍ ላይ ልሙጡ ጎማ ከሁሉም ይልቅ ለእውነተኛው የቀረበ ነው።

ሰው የማያስተውለው ሌላም ጉዳይ አለ። ናይን ኤፍ ላይ ጎማዎቹ በጣም ተጠጋግተዋል። ከአክስል እስከ አክስል 5 ጫማ ከ5 ኢንች ነው፤ ጎማው 5 ጫማ። በሁለት ጎማ ፊቶች መካከል የሚቀረው 5 ኢንች ብቻ ነው። በ1 ለ76 ይህ 1.67 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያ ውስጥ የሁለት ጎማ ፍላንጅ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። የአርፒ-25 ዓይነት ሁለት ፍላንጅ 1.28 ይወስዳል፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተርፋል። 1.2 ሚሊ ሜትር የሚወጣ የድሮ ፍላንጅ ቢሆን ሁለቱ 2.4 ይሆናሉ፤ ይጋጫሉ። ያኔ የአምራቹ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ጎማውን ያሳንሳል፣ ወይ አክስሎቹን ያራርቃል። ሁለቱም መልክ ያበላሻሉ። በኔ ዓይን ያነሰ ጎማ ከልሙጥ ጎማ የበለጠ ያስጠላል። ልሙጡ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ከጎን አይታወቅም። ያነሰው ጎማ ግን ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሎኮሞቲቩ አጭር ሱሪ የለበሰ ይመስላል።

እንግዲህ እስካሁን ጠበቃ ሆኜ ነበር። አሁን ወደ ክሱ ልምጣ።

እውነተኛዋ ናይን ኤፍ ላይ መሃለኛው አክስል ጌጥ አይደለም። ወደ 15 ቶን ተኩል የሚደርስ ድርሻውን ይሸከማል። ከዚያም በላይ ፒስተኑ በቀጥታ የሚገፋው እሱኑ ነው። ሌሎቹ አራት አክስሎች ጉልበታቸውን የሚያገኙት በማያያዣው ዘንግ በኩል ከሱ ነው። ባጭሩ ያ ከንፈር የሌለው ጎማ የማሽኑ ልብ ነው። በእውነተኛ ባቡር የልሙጥ ጎማ ፊት ከሌሎቹ ሰፋ ተደርጎ ይሠራ የነበረውም ለዚህ ነው። ኩርባ ላይ ሲሸሽም ሐዲዱን እንዳይለቅ።

ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ታዲያ ምን ይደረጋል? ልሙጡ ጎማ ዲያሜትሩ በትንሹ ይቀነሳል፤ ወይም አክስሉ በትንሹ ከፍ ይደረጋል። ሐዲዱን አይነካም። ማያያዣው ዘንግ እየጎተተው አየር ላይ ይዞራል። ለይስሙላ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አምራቹ ምክንያት የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ኩርባው ነው። ጎማው 2.1 ሚሊ ሜትር ሲሸሽ የውጩ ጎማ ከሐዲዱ ራስ ላይ ሊወርድ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከወረደ መመለሻው እንቅፋት ነው። ከፍ ካለ ግን አይወርድም። ሁለተኛው የሥራ ጥራት ጉዳይ ነው። ሻንሲው ግትር ከሆነና መሃለኛው አክስል በፀጉር ውፍረት እንኳን ዝቅ ካለ፣ ሎኮሞቲቩ በመሃሉ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጫፎቹ ይነሳሉ። የሚመሩት ጎማዎች ከተነሱ ደግሞ ማን ሊመራ ነው? ስለዚህ አምራቹ ሳይቃጠል በቅጠል ይልና መሃለኛውን ያነሳዋል።

ዋጋው ግን አለ። አንዱ ኤሌክትሪክ ነው። ሞዴሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ቆሻሻ ሐዲድ ላይ፣ ወይም መገንጠያ መሃል ባለው የፕላስቲክ ክፍል ላይ፣ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ትርጉሙ ይገባችኋል። በተለይ ዝግ ብላ የምትሄድ የጭነት ሎኮሞቲቭ ስትሆን አንድ ጥንድ ጎማ ትልቅ ነገር ነው።

የመሳብ አቅሟ ይቀንሳል የሚለው ግን ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ያነሳል። መሃለኛው ጥንድ ካልነካ የሱ ክብደት ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። በነጂ ጎማዎች ላይ ያረፈው ጠቅላላ ክብደት አልተለወጠም። ስለዚህ ፉርጎ መሳብ ላይ ብዙም ልዩነት አታዩም።

ለዓይን ግን ልዩነት አለ። ሞዴሉን በጠረጴዛው ከፍታ፣ ዓይናችሁን ከሐዲዱ እኩል አድርጋችሁ፣ ከኋላው ብርሃን አብርታችሁ እዩት። በመሃለኛው ጎማና በሐዲዱ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ትታያለች። አንዴ ካየኋት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልችልም። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ምርጥ ብለው የያዙትን ፎቶ የምታበላሽባቸው እሷ ነች።

መገንጠያውም የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ሐዲዶች የሚቋረጡበት ቦታ ላይ ለፍላንጁ ማለፊያ የሚሆን ክፍተት አለ። ሐዲዱን የሚነካ ልሙጥ ጎማ በዚያ ላይ ሲያልፍ፣ በኩርባው ምክንያት ከቦታው ሸሽቶ ከሆነ፣ ወደ ክፍተቱ ዘፍ ሊል ይችላል። ሎኮሞቲቩ ገጭ ይላል። ከዚህ የባሰው ሾርት ነው። ሰፊው የጎማ ፊት ተጠጋግተው ያሉትን ሁለት ሐዲዶች አንድ ላይ ሲነካ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሽቦውን ነው። ጎማው ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ጥሩው አሠራር የቱ ነው? ስድስት ነጂ ጎማ ላላት ሎኮሞቲቭ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ፍላንጅ ይኑራቸው። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው አክስል 66 ሚሊ ሜትር ያላትን የተለመደች ሞዴል ብንወስድ፣ በ438 ኩርባ ላይ መሃለኛው የሚሸሸው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትሩን ያለው ክፍተት ይችለዋል። ቀሪውን አክስሉ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ትንሽ ቦታ በመስጠት ይፈታል። የጎልስዶርፍ ዘዴ ማለት ይኸው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ማድረግ የሚችል አምራች የስድስት ጎማን መሃለኛ ፍላንጅ ከነፈገ፣ ለሱ ጠበቃ አልቆምም።

ስምንት ጎማ ላይ ጉዳዩ እንደ ሎኮሞቲቩ ርዝመት ነው። አልዘልቅበትም።

አሥር ጎማ ላይ ግን ልሙጡን መሃለኛ እቀበላለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሁለተኛውና አራተኛው አክስል ወደ ጎን የሚንሸራተቱበት ቦታ ይኑራቸው። መሃለኛው ደግሞ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ፤ ከላዩ ለስላሳ ሞላ ይቀመጥበት። ያኔ ሐዲዱን ይነካል፤ ግን ሎኮሞቲቩን አያነሳውም። ኤሌክትሪክም ይቀበላል። ማያያዣው ዘንግም አንድ ወጥ ከሚሆን በመሃሉ መገጣጠሚያ ቢኖረው ይመረጣል። እውነተኞቹም ዘንጎች እንዲሁ በመገጣጠሚያ የተያያዙ ናቸው፤ አለዚያ ሐዲዱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ይሰበሩ ነበር።

ቶርኖ ያላቸውና ጎማቸውን ራሳቸው የሚያወጡ፣ ትልልቅ በእንፋሎት የሚሠሩ ሞዴሎች የሚገነቡ ሰዎች በዚህ ይቀናባቸዋል። ልሙጡን ጎማ እንደ እውነተኛው ሰፋ አድርገው ያወጡታል፤ ሐዲዳቸውንም ራሳቸው ይዘረጋሉ። ክርክሩ እነሱ ጋ አልደረሰም። የኛ የጠረጴዛ ሰዎች በሽታ ነው።

አንድ ይቅር የማልለው ግን አለ። ከነጂ ጎማዎቹ ኋላ፣ ከእሳት ሳጥኑ ሥር ሁለት ትንንሽ ጎማ ያላቸው የእንግሊዝ የተሳፋሪ ሎኮሞቲቮች አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ያ የኋላ ጥንድ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ኩርባ ላይ ስለማይዞር ፍላንጅ ተነፍጎታል። እውነተኛው ላይ ግን ፍላንጅ አለው፤ ወደ ጎንም ይንቀሳቀሳል። ነጂ ጎማዎቹ መሃል ያለ ልሙጥ ጎማ በዘንግና በፍሬን ተሸፍኖ ይደበቃል። ይሄኛው ግን ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ነው ያለው። ኩርባ ላይ ከላይ ስታዩት ከሐዲዱ ውጭ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍላንጅ ያለው ተለዋጭ ጥንድ አብሮ ይመጣል፤ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ወይም በጣም ሰፊ ኩርባ ላይ ለመንዳት። ደግ ነው። ግን ችግሩን ወደ ገዢው ማስተላለፍ ይመስለኛል። ጥንዱ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ይምጣ የተባለው በሎኮሞቲቩና በጎማው መካከል የሚታየውን ክፍተት ለማጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። ክፍተቱን እመርጥ ነበር።

ያላችሁን ሎኮሞቲቭ መፈተሽ ከፈለጋችሁ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መስታወት ወይም ሌላ ፍጹም ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። ቀጭን ወረቀት ቁረጡና በየጎማው ሥር ሞክሩ። ወረቀቱ ከተያዘ ጎማው ክብደት አለው። ያለምንም ትግል ካለፈ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቴስተር አምጡና መሃለኛው ጎማ ከሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት እንዳለው እዩ። ሐዲዱን እየነካ ግንኙነት የሌለው ጎማ ብዙ ነው፤ ትንሽ የነሐስ ልሳን ማስነካት ይበቃዋል። ይህ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ መገንጠያ ላይ ወዲያው ይታያል።

ልሙጡን አውጥቶ ፍላንጅ ያለው ጎማ መግጠም ለሚያምራቸው አንድ ምክር አለኝ። ጎማውን ከአክስሉ ከመንቀላችሁ በፊት አስቡበት። በግራና በቀኝ ያሉት የዘንግ ማያያዣ ፒኖች አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ተለያይተው ነው የተገጠሙት፤ አንዱ ወገን ጫፍ ደርሶ ጉልበት ሲያጣ ሌላው መሃል ላይ ሆኖ እንዲገፋ። አዲሱን ጥንድ ስትገጥሙ ይህ ማዕዘን ከሌሎቹ አራት አክስሎች ጋር በትክክል መግጠም አለበት። በትንሹ ከተዛባ ዘንጎቹ ይያዛሉ፤ ሎኮሞቲቩ በየዙሩ ያነክሳል። ማዕዘኑን የሚይዝ ማስተካከያ ከሌላችሁ አትንኩት። ካላችሁም፣ ከመጀመራችሁ በፊት የሐዲዳችሁን ጠባብ ኩርባ ለኩና ሒሳቡን ሥሩ። መልሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከበለጠ አዲሱ ፍላንጅ የሚሠራላችሁ ሥራ የለም፤ ሎኮሞቲቩን ከሐዲድ ማውጣት ካልሆነ በቀር።